ምስልን ከአየር ወደ ምድር ማስተላለፍ

ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ አንድ መሣሪያ እንዴት እንደሚተከልና እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ ገላጭ ጽሑፍ ነው። ምንባቡን ከመጀመራችሁ በፊት የሚከተሉትን ሁለት ጥያቄዎች በቃል ተወያዩባቸው።

ሀ. ከኮረብታ ጫፍ ላይ ሆኖ የሚጣራ ሰው ድምፅ ከሜዳ ላይ ከሚጣራው ይልቅ ርቆ የሚሰማው ስለምንድን ነው?
ለ. አንድን መሣሪያ ከመጠቀም በፊት መፈተን ምን ጥቅም አለው?

ምንባብ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 3 ቀን 1958 በአሜሪካ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ አንድ ትንሽ ሄሊኮፕተር የቴሌቪዥን ካሜራና የምስል ማሠራጫ ተሸክሞ ወደ ሰማይ ተነሣ። በውስጡ የነበረው ኬ.ቲ.ኤል.ኤ. የተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ዋና መሐንዲስ ጆን ሲልቫ ነበር። ሐሳቡም በምድር ላይ የሚሆነውን ነገር ከአየር ላይ እያነሣ በዚያው ቅጽበት ለተመልካች ማድረስ ነበር። ነገር ግን ከጣቢያው በራዲዮ የመጣለት መልስ አንዳችም ምስል እንዳልደረሰ የሚገልጥ ሆነ። ሲልቫ ሄሊኮፕተሩ በአየር ላይ ቆሞ ሳለ ወደ ውጭ ወጣ፤ በማረፊያው ብረት ላይ ቆሞም ማሠራጫውን ከፍቶ መረመረው። ከማሠራጫው ቫልቮች አንዱ በበጋው ሙቀትና በንዝረት ተበላሽቶ አገኘው። በማግስቱ፣ መሣሪያው ከሙቀትና ከንዝረት እንዲጠበቅ ከተደረገ በኋላ፣ ምስሉ ከሰማይ ወደ ጣቢያው ደረሰ።

በጠረጴዛ ላይ በሚገባ የሚሠራ መሣሪያ በአየር ላይም ይሠራል ማለት አይደለም። በምድር ላይ የላላ ብሎን በቀላሉ ይጠብቃል፤ በአየር ላይ ግን ይህን ለማድረግ የሰውን ሕይወት ለአደጋ ማጋለጥ ሊያስፈልግ ይችላል። ስለሆነም ምስልን ከአየር የማስተላለፍ ሥራ አብዛኛው የሚጠናቀቀው ሄሊኮፕተሩ ገና ከመሬት ሳይነሣ ነው።

የዚህ ሥራ ጥቅም ምን እንደሆነ ብዙ ሳይቆይ ታየ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 14 ቀን 1963 በዚያው በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የቦልድዊን ሂልስ ግድብ መሰንጠቁ ታወቀ። ፖሊሶች ከግድቡ በታች የነበሩትን ነዋሪዎች ከቤታቸው አስወጡ። ከቀትር በኋላ ግድቡ ተደርምሶ ውኃው ወደ መኖሪያ ሠፈሩ ሲወርድ፣ ሄሊኮፕተሩ ከላይ ሆኖ ሁኔታውን በቀጥታ ያሳይ ነበር። በዚያ ቀን 277 ቤቶች ሲወድሙ 5 ሰዎች ሞቱ። ከቤቱ መስኮት ሆኖ ጎርፉን ማየት የማይችል ሰው ውኃው በየትኛው መንገድ እንደሚወርድ ከቴሌቪዥኑ ሊረዳ ቻለ። እንዲህ ባለ ጊዜ የአንድ አንቴና ገመድ በደንብ መጥበቅ ወይም አለመጥበቅ ተራ ነገር አይደለም።

ምስሉን የሚሸከመው ማይክሮዌቭ የተባለው አጭር የራዲዮ ሞገድ ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያገለግለው 2 ጊጋ ኸርዝ ገደማ ያለው ሞገድ ሲሆን፣ ርዝመቱ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ይህ ሞገድ እንደ ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል ሊባል ይችላል፤ ተራራንና ትልቅ ሕንፃን ዞሮ ማለፍ ይሳነዋል። በመሆኑም ላኪውና ተቀባዩ የሚተያዩ መሆን አለባቸው። ምድር ክብ ስለሆነች ዝቅ ካለ ስፍራ የተላከ ሞገድ ከአድማሱ በታች ያለውን ተቀባይ አያገኘውም። በሜዳማ አገር 10 ሜትር ከፍታ ካለው ምሰሶ የተላከ ሞገድ በምድር ገጽ ላይ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል፤ ከ300 ሜትር ከፍታ ሲላክ ግን 70 ኪሎ ሜትር ያህል ይደርሳል። ተቀባዩም በተራራ ላይ ቢሆን ርቀቱ ከዚህ ይበልጣል። ይሁን እንጂ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ተቀባዩ የሚያገኘው ኃይል ወደ ሩብ ዝቅ እንደሚል መዘንጋት አይገባም።

በቀድሞው የአናሎግ አሠራር የሞገዱ ጠባይ የምስሉን ብርሃንና ጨለማ እየተከተለ ያለማቋረጥ ይለዋወጥ ነበር። በዲጂታል አሠራር ግን ምስሉ አስቀድሞ በዜሮና በአንድ ወደሚጻፉ ቁጥሮች ይለወጣል። አንድ መደበኛ የቴሌቪዥን ምስል ሳይጨመቅ ቢላክ በየሴኮንዱ 270 ሚሊዮን ቢት ይጠይቃል። ስለዚህ ኢንኮደር የተባለው ክፍል ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው ያልተለወጠውን ትቶ የተለወጠውን ብቻ በመላክ መጠኑን ወደ ጥቂት ሚሊዮን ቢት ይቀንሰዋል። ይህ መጭመቅና መልሶ መፍታት ጊዜ ስለሚወስድ ምስሉ ከድርጊቱ ጥቂት ዘግይቶ ይደርሳል። ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በተሰጠ ውሳኔ መሠረት በ2 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ ለዜና ሥራ የተመደቡት መስመሮች ከ17 ወደ 12 ሜጋ ኸርዝ ስፋት እንዲጠቡ ሲደረግ፣ ጣቢያዎቹ በጠበበው መስመር ሊሠሩ የቻሉት ወደ ዲጂታል በመለወጣቸው ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በገደል ማሚቶ ሊመሰል ይችላል። በገደላማ አገር አንድ ሰው ሲጣራ ድምፁ ከገደሉ እየተመለሰ ከራሱ ከጥሪው ጋር ይደባለቃል፤ ሰውየው ፈጥኖ ቢናገር ቃላቱ ተደበላልቀው አይለዩም፤ ረጋ ብሎ ቢናገር ግን ይሰማል። ማይክሮዌቭም ከሕንፃና ከተራራ እየተንጸባረቀ ዘግይቶ በመድረስ ቀድሞ የደረሰውን ያበላሸዋል። ሲ.ኦ.ኤፍ.ዲ.ኤም. በሚባለው ዲጂታል አሠራር ቁጥሮቹ በአንድ ፈጣን ሞገድ ላይ አይጫኑም፤ እንደ አመዳደቡ 1705 ወይም 6817 በሚሆኑ ጠባብ ሞገዶች ላይ ይከፋፈላሉ። እያንዳንዱ ሞገድ ድርሻውን ረጋ ብሎ ስለሚያደርስና በመካከሉም ለማሚቶው ማለፊያ ጊዜ ስለሚተውለት ምስሉ ሳይደበላለቅ ይደርሳል።

ከዚህ ጋር አንድ ጉዳት አብሮ ይገኛል። የአናሎግ ምስል ኃይሉ ሲቀንስ እየደበዘዘና ነጭ ነጠብጣብ እየበዛበት ስለሚሄድ ሠራተኛውን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል። ዲጂታል ምስል ግን እስከ መጨረሻው ጠርቶ ይታይና ኃይሉ ከተወሰነ መጠን ዝቅ ሲል በድንገት ይቆራረጣል፤ ቀጥሎም ይጠፋል። ስለሆነም ሠራተኛው በምስሉ ጥራት ብቻ መተማመን አይገባውም፤ የተቀባዩን የኃይል መለኪያ ዘወትር መመልከት አለበት።

እንግዲህ ወደ አተካከሉ እንለፍ። በመጀመሪያ የሚታሰበው ክብደት ነው። የሲልቫ መሣሪያ በጠቅላላው 167 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ የዛሬው ማሠራጫ ከዚያ እጅግ ይቀላል። ሆኖም ቀላልም ቢሆን የሄሊኮፕተሩን ሚዛን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ክብደቱና የተተከለበት ቦታ በሚዛን ሰነዱ ላይ ተመዝግቦ የሚፈቀደውን ወሰን አለማለፉ ይረጋገጣል። ይህን የሚሠራውም ፈቃድ ያለው የአውሮፕላን ቴክኒሻን ነው፤ ሥራው በአገሩ የሲቪል አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ደንብ ካልጸደቀ በረራ አይፈቀድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። በብዙ ሄሊኮፕተሮች ላይ የሚገኘው 28 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ነው። ለምሳሌ ማሠራጫው 140 ዋት የሚወስድ ቢሆን በገመዱ ውስጥ 5 አምፒር ያልፋል ማለት ነው። ገመዱ ይህን ያለችግር የሚሸከም መሆን አለበት፤ ብልሽት ቢደርስ ኤሌክትሪኩን የሚቆርጥ ማቋረጫም አብራሪው በቀላሉ በሚደርስበት ስፍራ ይደረግለታል። ማሠራጫው ራሱ ንዝረትን በሚያበርድ ማቀፊያ ላይ ይታሰራል፤ ሙቀቱን የሚያስወጣበት የአየር መተላለፊያም ይተውለታል። እ.ኤ.አ. በ1958 ቫልቩን ያበላሹት ሁለቱ ጠላቶች፣ ሙቀትና ንዝረት፣ ዛሬም አልጠፉም።

ሦስተኛው የአንቴናው ቦታ ነው። ተቀባዩ በአብዛኛው ከሄሊኮፕተሩ በታች ስለሚሆን አንቴናው ከሆዱ ሥር ይተከላል። የማረፊያው ብረት ወይም የካሜራው ማቀፊያ ሞገዱን እንዳይጋርደው ቦታው በጥንቃቄ ይመረጣል። አንዳንዱ አንቴና በሁሉም አቅጣጫ ይረጫል፤ ሌላው ኃይሉን ወደ አንድ አቅጣጫ ሰብስቦ ይልካል። ሁለተኛው የሳተላይት አቅጣጫ መሪን እየተከተለ ፊቱን ወደ ተቀባዩ ያዞራል። ከበረራ በኋላ ወደ ታች የሚዘረጋ አንቴና ካለም ከማረፍ በፊት መሰብሰብ አለበት፤ አለዚያ ከመሬት ጋር ተጋጭቶ ይሰበራል። ማሠራጫውን ከአንቴናው ጋር የሚያገናኘው ገመድ በተቻለ መጠን አጭር ይሆናል፤ ገመዱ 3 ዴሲቤል የሚያባክን ከሆነ ግማሹ ኃይል በመንገድ ቀረ ማለት ነውና።

መሣሪያው ከተተከለ በኋላ በመሬት ላይ ይፈተናል። እዚህ ላይ ፈጽሞ የማይጣስ አንድ ደንብ አለ፤ ይኸውም አንቴና ወይም በአንቴና ፋንታ ኃይሉን የሚቀበል መፈተኛ ሳይያያዝ ማሠራጫው እንዳይከፈት የሚለው ነው። መውጫ ያጣ ኃይል ወደ ኋላ ተመልሶ ማጉያውን ሊያቃጥል ይችላል። በፈተናውም ወቅት ማንም ሰው በአንቴናው አጠገብ እንዲቆም አይፈቀድም። አብራሪው በበኩሉ ማሠራጫው በርቶ ሳለ ኮምፓሱ፣ የመገናኛ ራዲዮውና የአቅጣጫ መሣሪያዎቹ አለመታወካቸውን አንድ በአንድ ይመለከታል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ በዚህ ጊዜ የተገኘ ጉድለት በቀላሉ ይታረማል።

በበረራው ዕለት ሥራው በቅደም ተከተል ይከናወናል። አስቀድሞ የሚሠራበት መስመር ከሌሎች ጣቢያዎች ጋር እንዳይጋጭ በስምምነት ይወሰናል። ሞተሩ ሲነሣ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል ማሠራጫው ተዘግቶ ይቆያል፤ ሞተሩ ከተረጋጋ በኋላ ይከፈትና ሳያሠራጭ ይጠብቃል። ሄሊኮፕተሩ ከፍ ካለ በኋላ ካሜራውን የያዘው ሠራተኛ ማሠራጨት ይጀምራል፤ በምድር ያለው መሐንዲስም የተቀባዩን አንቴና እያዞረ ኃይሉ ከሁሉ የሚበልጥበትን አቅጣጫ ይፈልጋል። ሁለቱ በራዲዮ ይነጋገራሉ። ምስሉ የተቆራረጠው ሄሊኮፕተሩ ሲዞር ከሆነ ምናልባት አካሉ አንቴናውን ጋርዶታል፤ ዝቅ ሲል ከሆነ ደግሞ ምናልባት ተራራ ወይም ሕንፃ በመካከል ገብቷል። መፍትሔው የሚገኘው ምክንያቱ ሲታወቅ ነው። ለማረፍ ሲቃረብም ማሠራጨቱ ይቆማል።

ከደንቦች ሁሉ በላይ የሆነው ግን የሥራ ክፍፍል ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 27 ቀን 2007 በአሜሪካ፣ በፊኒክስ ከተማ፣ ፖሊስ አንድን ተጠርጣሪ ሲያሳድድ ከአየር ይከታተሉ የነበሩ ሁለት የዜና ሄሊኮፕተሮች ተጋጭተው የነበሩባቸው 4 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። በሁለቱም ላይ አብራሪው ራሱ ዜናውን ለተመልካች ይናገር ነበር። አደጋውን የመረመረው የመንግሥት ቦርድ አብራሪዎቹ ተያይተው አለመራራቃቸውን ዋና ምክንያት አድርጎ ሲያስቀምጥ፣ ዜና የመናገርና የሚሳደደውን የመከታተል ኃላፊነታቸውንም ለአደጋው አስተዋጽኦ ካደረጉት መካከል ቆጥሮታል። በምድር ላይ የሚሆነውን ለሌሎች ለማሳየት ሲጣጣሩ በአጠገባቸው ያለውን ሳያዩ ቀሩ።

በዘመናችን ሰው የማይሳፈርባቸው ጥቃቅን ድሮኖችም ዲጂታል ምስል ከአየር ይልካሉ፤ መርሑ ግን አልተለወጠም። ሞገዱ ያልተጋረደ መንገድ ይሻል፤ መሣሪያው በሚገባ መታሰርና መፈተን አለበት፤ የሚያበርረው ሰው ዓይንም ከበረራው መነሣት የለበትም። ተመልካቹ በቤቱ ሆኖ የሚያየው ጥቂት ደቂቃ የሚቆይ ምስል፣ ማንም ሳያይ በምድር ላይ የተደከመበት የብዙ ሰዓት ጥንቃቄ ፍሬ ነው።

መልመጃ አንድ
በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዓረፍተ ነገር መልሱ።
1. በ1958 የመጀመሪያው ሙከራ ያልተሳካው በምን ምክንያት ነበር?
2. ሄሊኮፕተሩ ከፍ ባለ ቁጥር ሞገዱ ርቆ የሚደርሰው ለምንድን ነው?
3. የዲጂታል ምስል አጠፋፍ ከአናሎግ ምስል አጠፋፍ በምን ይለያል?
4. ጸሐፊው የገደል ማሚቶን ለምሳሌነት ያመጣው ምንን ለማስረዳት ነው?
5. ማሠራጫውን ያለ አንቴና መክፈት የተከለከለው ስለምንድን ነው?
6. በ2007 ከደረሰው አደጋ ምን ትምህርት ይገኛል?

መልመጃ ሁለት
የሚከተሉት ቃላት በምንባቡ ውስጥ ያላቸውን ፍች ጽፋችሁ እያንዳንዱን በራሳችሁ ዓረፍተ ነገር አስገቡ።
ንዝረት፣ አድማስ፣ ማሚቶ፣ መጨመቅ፣ ማጉያ፣ ቅጽበት

መልመጃ ሦስት
በቤታችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ ከሚገኙ መሣሪያዎች አንዱን ምረጡ። መሣሪያው እንዴት እንደሚዘጋጅና እንዴት እንደሚሠራበት የሚያስረዳ ባለ አራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በድርሰታችሁ ውስጥ «በመጀመሪያ»፣ «ቀጥሎ»፣ «ስለሆነም»፣ «ይኸውም» እና «ነገር ግን» የሚሉትን ቃላት በተገቢው ስፍራ ተጠቀሙባቸው። እያንዳንዱ ደንብ ለምን እንዳስፈለገም ምክንያቱን ግለጹ።