«በመቶ አሥር» ሲሉዎት፣ በወር ነው ወይስ በዓመት?

ጊፋታ ሲቃረብ በወላይታ ቤት ወጪ እንደሚበዛ ያውቃሉ። ወንዶች ለሰንጋ፣ እናቶች ለቅቤ አስቀድመው ሲቆጥቡ የቆዩ ቤተሰቦች ብዙም አይጨነቁም። ያልቆጠበው ግን የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም ሲጨመርበት ብድር ፍለጋ ይወጣል። አበዳሪውም «ወለዱ በመቶ አሥር ነው» ይለዋል። ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን «በስንት ጊዜ?» ብለን የምንጠይቀው?

ትርጉሙ ምንድን ነው?

በመቶ አሥር ማለት በእያንዳንዱ መቶ ብር ላይ አሥር ብር ማለት ነው። ጊዜው ካልተነገረ ግን ክብደቱ አይታወቅም። ቤሌ ላይ እህል የሚነግድ አንድ ወንድም 10,000 ብር ለስድስት ወር ተበደረ እንበል። ወለዱ በዓመት 12 በመቶ ከሆነ 600 ብር ይከፍላል። በወር 10 በመቶ ከሆነ ግን 6,000 ብር ነው። ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ ከዋናው ጋር እየተደመረ ከሄደ ጠቅላላ ዕዳው 17,716 ብር ገደማ ይደርሳል። የእርሻ በሬ የሚሸጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከየትኛው ገንዘብ ላይ ይታሰባል?

12,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ተበድረው በየወሩ ከዋናው 1,000 ብር ይመልሳሉ እንበል። ወለዱ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ከታሰበ 1,440 ብር ይሆናል። በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ ከታሰበ ግን 780 ብር ነው። የመቶኛው ቁጥር አንድ ሆኖ ሳለ ክፍያው በእጥፍ ሊጠጋ ይችላል።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2479 መሠረት ተበዳሪና አበዳሪ በዓመት ከ12 በመቶ በላይ ወለድ መዋዋል አይችሉም። ከዚያ በላይ ከተዋዋሉ፣ ወይም የወለዱን መጠን በጽሑፍ ካላሰፈሩ፣ የሚታሰበው 9 በመቶ ነው። አራጣ ማበደር በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች የራሳቸው መመሪያ ስላላቸው ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦

1. ወለዱ በወር ነው ወይስ በዓመት?
2. የሚታሰበው በመጀመሪያው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በቀሪው?
3. በመጨረሻ በጠቅላላው ስንት ብር እመልሳለሁ?

መጠየቅ አያሳፍርም። ጌታችን ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚያሰላ አስተምሮናል (ሉቃ. 14፥28)። አበዳሪው የቤተ ክርስቲያናችን አባል ከሆነም መዝሙር 15ን አብረን እናንብብ።