የአሮጌዋ ጀልባ አዲስ ጆሮ

አዲስ ሶናር የገዛ ዓሣ አጥማጅ ዓይኑ የሚያርፈው ስክሪኑ ላይ ነው። ዋናውን ሥራ የሚሠራው ግን ከጀልባዋ ኋላ ውኃ ውስጥ የሚገባው፣ መዳፍ የማይሞላው ትራንስዱሰር ነው። በውስጡ ያለው ሴራሚክ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይርገበገብና የሰው ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ ነጥሮ ሲመለስ ደግሞ መልሶ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። አፍም ጆሮም እሱ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሰከንድ 1500 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 30 ሜትር ወርዶ ለመመለስ የሰከንድ 25ኛ ይበቃዋል።

ፉሩኖ የተባሉት ጃፓናውያን ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1948 ለገበያ ካቀረቡት ዓሣ ፈላጊ መሣሪያ ጀምሮ ዓሣን የሚያሳብቅበት አየር ነው። ብዙ ዓሦች ሆዳቸው ውስጥ አየር የያዘ ከረጢት አላቸው፤ ድምፁን አጉልቶ የሚመልሰው በተለይ እሱ ነው። ይኸው አየር ግን አረፋ ሆኖ ከትራንስዱሰሩ ሥር ካለፈ ሶናሩን ያሳውረዋል። ስለዚህ ትራንስዱሰሩን የጀልባዋ የኋላ ግድግዳ ላይ በብሎን ለማሰር ከመሰርሰር በፊት ቦታ መምረጥ ይቀድማል። ጀልባዋን ሌላ ሰው እየነዳ ከኋላዋ የሚወጣውን ውኃ ልብ ብሎ ማየት ነው፤ ነጭ አረፋ የሚተፋው መስመር አይሆንም፣ ለስልሶ የሚወጣው ይሆናል። ፕሮፔለሩ ወደ ቀኝ የሚዞር ከሆነ የሚመረጠው ቀኝ ጎን ነው።

አሮጌ ጀልባ ላይ ሌላ ጣጣ አለ። በአሜሪካ ሐይቆች ላይ ዛሬም የሚሠሩት እ.ኤ.አ. የ1970ዎቹና የ80ዎቹ የፋይበርግላስ ጀልባዎች ብዙዎቹ የኋላ ግድግዳቸው ውስጥ ኮምፔርሳቶ አለ። ውጭው ሲታይ ደህና ነው፤ በአንዲት የብሎን ቀዳዳ የገባ ውኃ ግን እንጨቱን ለዓመታት ሲያበሰብስ ይኖራል። መሰርሰሪያው ይዞት የሚወጣውን ብናኝ በጣት ማሸት ያስፈልጋል። ደረቅና ፈዘዝ ያለ ከሆነ ደግ፤ ጠቆር ብሎ እርጥበት ካለው፣ የረጠበ ምድር ቤት ከሸተተ፣ ሥራው እዚያው ላይ ይቁም። ግድግዳው ሳይጠገን ምንም አይታሰርበትም።

እንጨቱ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ እኔ የማምነው አድካሚውን መንገድ ነው። ቀዳዳውን ከብሎኑ አስፍቶ መሰርሰር፣ በኢፖክሲ መሙላት፣ ሲደርቅ በኢፖክሲው መሐል በብሎኑ ልክ እንደገና መብሳት። ያኔ ብሎኑ እንጨት አይነካም። በላዩ የጀልባ ማሸጊያ ይጨመርበታል። አንድ ቀን ይፈጃል፤ ግድግዳ ከማስቀየር ግን በስንት ጣዕሙ!

ጨርሶ መብሳት ለማይፈልግ፣ የጀልባዋ ወለል ድፍን ፋይበርግላስ ከሆነ፣ ትራንስዱሰሩን ከውስጥ በኢፖክሲ መለጠፍ ይቻላል። ድምፁ ትንሽ ይደክማል፣ የውኃውንም ሙቀት በትክክል አይለካም። ወለሉ እንጨት ወይም ፎም ካለበት ግን አይሠራም።

ትርፉ ገመድ አይቆረጥም፤ ተጠቅልሎ ከሞተሩ ሽቦዎች ርቆ ይታሰራል። ከዚያ ወደ ውኃ። በዝግታ ሲኬድ የውኃው ወለል መስመር ስክሪኑ ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። ፍጥነት ሲጨመር መስመሩ ከተቆራረጠ መያዣው ላልቶ ትራንስዱሰሩ አንድ ሁለት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፣ እንደገና ይሞከራል፤ መስመሩ ሳይበጠስ እስኪዘልቅ ድረስ።