ያለጊዜው ለተወለደ ሕፃን የእናት ወተትና የሚጨመርበት ማበልጸጊያ፦ ወላጆች ከመፈረማቸው በፊት

አንድ ሕፃን በ29ኛው ሳምንት፣ 1,200 ግራም ሆኖ ተወለደ እንበል። እናቱ ገና ከአልጋ አልተነሳችም። አባቱ በመስታወት ውስጥ ሆኖ ቀጭን ቱቦ በአፍንጫው የገባለትን ልጁን እያየ ሳለ ነርሷ ወረቀት ይዛ ትመጣለች። የእናትየው ወተት ላይ ማበልጸጊያ እንደሚጨመርበት፣ ወተቷ ካልበቃም ከሌሎች እናቶች የተለገሰ ወተት እንደሚሰጠው ነግራው «እዚህ ጋር ይፈርሙ» ትለዋለች። አያት ደግሞ ተምርና ዘምዘም ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ የወለዱ ብዙ እህቶቻችን እንዲህ ያለው ወረቀት ገጥሟቸዋል። ሀገር ቤት ወረቀቱ ላይኖር ይችላል፤ ጥያቄው ግን እዚያም አለ። ለዚህ ትንሽ ሆድ ምን ይጠቅመዋል? ምን ይጎዳዋል? በጥቢ ዝምድና በኩልስ ምን መጠንቀቅ አለብን?

ከ37 ሳምንት በፊት የተወለደ ልጅ ያለጊዜው ተወለደ ይባላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ላይ 13.4 ሚሊዮን ያህል ሕፃናት እንዲህ እንደተወለዱ ገምቷል። ትልቁ ሥጋት ያለው ከ32 ሳምንት በፊት በተወለዱትና ክብደታቸው ከ1,500 ግራም በታች በሆነው ላይ ነው። የእነዚህ ልጆች ሳንባ ብቻ ሳይሆን አንጀታቸውም አልደረሰም። ግድግዳው ስስ ነው፣ እንቅስቃሴው ዘገምተኛ ነው፣ መከላከያው ደግሞ ገና ወዳጅና ጠላት አይለይም። ምግብና ባክቴሪያ ሲገቡበት ይቆጣል፤ ቁጣው ሲበረታም የአንጀቱ ክፍል ሊሞትና ሊበሳ ይችላል። ሐኪሞች ኔክሮታይዚንግ ኢንተሮኮላይቲስ፣ በአጭሩ «ኔክ» የሚሉት በሽታ ይህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በመጀመሪያው ቀን ሳይሆን ቤተሰቡ «አልሐምዱሊላህ፣ አለፈለት» ባለበት በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በኋላ ነው። ከባድ ሲሆን ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል፤ ብዙ ሕፃናትንም ይቀጥፋል።

ከዚህ በሽታ የሚከላከለው ዋናው ነገር ምን እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1990 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 926 ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ተከታትለው ነበር። የቆርቆሮ ወተት ብቻ በተሰጣቸው ላይ ኔክ የታየው የጡት ወተት ብቻ ካገኙት ከ6 እስከ 10 እጥፍ በዝቶ ነው። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶችም ወደዚያው ያመራሉ። የእናት ወተት ምግብ ብቻ አይደለም። በውስጡ የአንጀትን ግድግዳ የሚለብሱ የበሽታ መከላከያ ፕሮቲኖች አሉ። ባክቴሪያን ብረት የሚነፍገው ላክቶፈሪን አለ። ሕፃኑ ራሱ የማይፈጫቸው፣ ግን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን የሚመግቡ ልዩ ስኳሮችም አሉ። በእንገሩ፣ ማለትም በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት ውስጥ መከላከያው ይበልጥ የተከማቸ ነው። ስለዚህ «ጠብታ ብቻ ነው የወጣኝ» ብላ የምታፍር እናት ማፈር የለባትም። ያ ጠብታ በሕፃኑ ጉንጭ ውስጥ ይቀባል እንጂ አይደፋም።

በኢትዮጵያ ነገሩ የሚብሰው ኢንፌክሽን ስላለ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2018 በአምስት ሆስፒታሎች በተካሄደ ትልቅ ጥናት ያለጊዜያቸው ተወልደው ከሞቱት ሕፃናት መካከል 45 ከመቶው በመተንፈስ ችግር፣ 30 ከመቶው ደግሞ በኢንፌክሽን የሞቱ ናቸው። ለሳንባው መሣሪያና መድኃኒት ያስፈልጋል። ለኢንፌክሽኑ ግን ከእናቲቱ ደረት የሚወጣው ወተት ራሱ የመከላከያው አካል ነው።

ታዲያ ወተቱ ይህን ያህል ከሆነ ለምን ይጨመርበታል? መልሱ ሒሳብ ነው። ሕፃኑ በማኅፀን ቢቆይ ኖሮ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ከእናቱ ደም ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ፕሮቲን በብዛት ይወስድ ነበር። አሁን ያንን ሁሉ በሆዱ ማግኘት አለበት። 1,200 ግራም የሚመዝን ሕፃን ሙሉ ምግብ ሲጀምር በቀን 190 ሚሊ ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ከዚያ በላይ ሆዱ አይችልም። ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በኋላ በ100 ሚሊ ሊትር የእናት ወተት ውስጥ ያለው ፕሮቲን 1 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ የሚያገኘው 2 ግራም እንኳ አይሞላም። የሚያስፈልገው ግን ለአንድ ኪሎ ከ3.5 እስከ 4 ግራም ስለሆነ ለዚህ ልጅ ከ4 ግራም በላይ ነው። ከግማሽ በታች አገኘ ማለት ነው። የካልሲየሙ ጉድለት ደግሞ ከዚህም ይሰፋል፤ አጥንት የሚሳሳውም ለዚህ ነው። እናቲቱ ምንም ብትበላ ይህን ጉድለት ልትሞላው አትችልም፤ ወተቷ የተዘጋጀው ጊዜውን ጠብቆ ለሚወለድ ልጅ ነውና። «አጥሚትና አብሽ ስላልጠጣሽ ነው» የሚሉ ጎረቤቶች ይህን ቢያውቁት መልካም ነበር።

ማበልጸጊያው (ሐኪሞቹ ፎርቲፋየር ይሉታል) ይህን ክፍተት የሚሞላ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ነው። ፕሮቲን፣ ማዕድናት፣ ቪታሚንና ተጨማሪ ኃይል ይዟል። ከመጀመሪያው ጠብታ ጋር አይጀመርም። ሕፃኑ መጠነኛ ወተት መቀበል ሲችል ሐኪሙ በመጠን ያስጀምረዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ላይ ማበልጸጊያ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሁሉ በደፈናው አይመከርም፤ ከ32 ሳምንት በፊት ለተወለዱ ወይም ከ1.5 ኪሎ በታች ለሆኑ ግን ሊታሰብ ይችላል። በ35 ሳምንት የተወለደ፣ ደህና የሚጠባ ልጅ ወላጆች «ለእኛስ ለምን አልተሰጠም?» ብለው መጨነቅ አይኖርባቸውም።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚምታታ ነገር አለ። ማበልጸጊያው ልጁን ያሳድጋል፤ ክብደቱን፣ ቁመቱንና የጭንቅላቱን እድገት ይረዳል። አንጀቱን የሚጠብቀው ግን ወተቱ ነው። ሁለቱ ሥራቸው ለየቅል ነው። ይህን የለየ ወላጅ ቀጣዩን ክርክር በቀላሉ ይረዳዋል።

ማበልጸጊያ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛውና የተለመደው ከላም ወተት የሚሠራ ነው። ሁለተኛው ከብዙ ሴቶች የተሰበሰበ ወተት ተቀላቅሎና ተጣርቶ የሚሠራ ነው፤ ዋጋውም በጣም ውድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በ207 ሕፃናት ላይ የወጣ ጥናት ሁሉም ነገር ከሰው ወተት ሲሆን ኔክ በግማሽ ያህል እንደቀነሰ ስለዘገበ ሁለተኛው ዓይነት ስሙ ገነነ። ሆኖም በዚያ ጥናት የላም ወተት ቡድን ውስጥ የነበሩት ሕፃናት የእናታቸው ወተት ሲያልቅ የቆርቆሮ ወተት ይሰጣቸው ነበር። ልዩነቱ ከማበልጸጊያው ይሁን ከቆርቆሮው ወተት መለየት አልተቻለም።

ኋላ ላይ ይህን የለዩ ጥናቶች መጡ። በካናዳ ቶሮንቶ 127 ሕፃናት፣ በስዊድን ደግሞ ከ22 እስከ 27 ሳምንት የተወለዱ 228 ሕፃናት ዋና ምግባቸው የሰው ወተት ሆኖ ማበልጸጊያው ብቻ እንዲለያይ ተደረገ። የቶሮንቶው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2018፣ የስዊድኑ በ2024 ታተመ። በስዊድኑ ጥናት ኔክ፣ ከባድ ኢንፌክሽን ወይም ሞት የደረሰባቸው ከሰው ወተት የተሠራው በተሰጣቸው 35.7 ከመቶ፣ የላም ወተት ማበልጸጊያ በተሰጣቸው 34.5 ከመቶ ነበሩ። ልዩነት የለም ማለት ነው። የቶሮንቶውም በአንጀት በኩል ልዩነት አላሳየም።

ለእኛ ይህ ቁጥር ተራ የሕክምና ወሬ አይደለም። የኒሳእ ምዕራፍ 23ኛው አንቀጽ አጥቢ እናትንና የጥቢ እህትን ጋብቻ ከተከለከሉት ጋር ይዘረዝራል። በሻፊዒይና በሐንበሊይ መዝሀብ ዝምድናው የሚጸናው በአምስት ጥቢ ነው፤ በሐነፊይና በማሊኪይ ግን ጥቂቱም ይበቃል። አብዛኞቹ ዑለማዎች ዘንድ ደግሞ ወተቱ ከጡት ባይጠባም፣ በዕቃ ወይም በቱቦ ሆድ ከደረሰ ያው ነው። ኢብኑ ሐዝምን የመሰሉ ጥቂቶች ከጡት መጥባት ግድ ነው ብለዋል። የብዙ ሴቶች ወተት የተቀላቀለበት ነገር ሲመጣ የማን ልጅ የማን ወንድም እንደሆነ የሚያውቅ የለም። በዚህ የሚጨነቅ ቤተሰብ «ከላም ወተት የተሠራውን ስጡልኝ» ቢል ልጁን በደለ አይባልም። ጥናቶቹ ያሳዩት ይህንን ነው። የዱቄቱን ሌሎች ይዘቶች ከማሸጊያው ላይ ማየትና ሐላል መሆናቸውን መጠየቅም መብቱ ነው።

የለጋሽ ወተት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልሎ «አልፈልግም» ማለት አደጋ አለው። የእናት ወተት ጨርሶ ባልተገኘበት ወይም ባልበቃበት ጊዜ ምርጫው የሌላ ሴት ወተት ወይም የቆርቆሮ ወተት ነው። በዚህ ጊዜ የቆርቆሮ ወተት የኔክን ሥጋት ወደ እጥፍ ያደርሰዋል። የለጋሽ ወተት በ62.5 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ስለሚሞቅ ከመከላከያው የተወሰነውን ያጣል፤ ቢሆንም ይሻላል። የዑለማዎቹ አቋም እዚህ ተለያይቷል። በጂዳ የሚገኘው ዓለም አቀፍ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1985 በሙስሊም ሀገራት የወተት ባንክ እንዳይቋቋም ወስኗል። የአውሮፓ የፈትዋና የጥናት ምክር ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2004 በምዕራብ ሀገራት ያሉ ሙስሊሞች ለተቸገረ ሕፃን ከባንክ ወተት መጠቀም እንደሚችሉ፣ ለጋሾቹ ስለማይታወቁም ዝምድናው በጥርጣሬ እንደማይጸና ገልጿል። ኩዌትና ማሌዥያ ውስጥ መሐለኛ መንገድ ተሞክሯል፤ ለጋሿና ተቀባዩ ቤተሰብ ይተዋወቃሉ፣ ዝምድናውም ይመዘገባል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለም። ነገር ግን ልጁ በ26 ሳምንት ተወልዶ ወተት የሌለው ቤተሰብ በዚያው ቀን ለሚያምነው ዓሊም ስልክ ደውሎ ይጠይቅ፤ ሆስፒታሉንም «ወተቱ የአንዲት ሴት ነው ወይስ የብዙ? ስሟን ማወቅ ይቻላል?» ይበል። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያድር ጥያቄ አይደለም።

ከሁሉ በፊት ግን ጥያቄው እንዳይነሳ ማድረግ ይቻላል፤ ይህም በአብዛኛው በቤተሰቡ እጅ ነው። እናት በወለደች በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ውስጥ ወተቷን ማለብ መጀመር አለባት። በ24 ሰዓት ቢያንስ 8 ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር። ልጁ ስለማይጠባ ጡቷ «ልጅ አለ» የሚል ምልክት የሚያገኘው በማለብ ብቻ ነው። ሕፃኑን ደረቷ ላይ ቆዳ ለቆዳ ማቀፍ ወተቱን ይጨምራል፣ ሙቀቱንም ይጠብቃል። ረመዷን ቢሆን ለልጇ የምትሰጋ አጥቢ እናት ማፍጠር ተፈቅዶላታል፤ የምታልብ እናትም አጥቢ ናት። ዕቃ ማጠቡ፣ ወተቱን ማመላለሱ፣ ምግቧን ማቅረቡ የባልና የዘመድ ሥራ ይሁን።

ለአያት ደግሞ በአክብሮት እንንገራቸው። ተህኒክ ሱና ነው፣ ግዴታ አይደለም። የዚህ ልጅ አንጀት ተምር፣ ውሃ፣ ቅቤም ሆነ ማር የሚችል አይደለም፤ ማር እንዲያውም ዓመት ላልሞላው ሕፃን ሁሉ የተከለከለ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ ይደረጋል፣ ኢንሻአላህ። የቆርቆሮ ዱቄት ገዝቶ በታለበ የእናት ወተት ላይ መበጥበጥም ማበልጸግ አይደለም። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ አይደለም፤ መጠኑ ሲዛባም ለስሱ አንጀት ራሱ ሸክም ይሆናል። ከሆስፒታል ስትወጡ ምን ያህልና እስከ መቼ እንደሚጨመር በጽሑፍ ተቀበሉ።

የልጁ ሆድ ከተነፋና ከጠነከረ፣ አረንጓዴ ካስመለሰ፣ በሰገራው ደም ከታየ፣ ከወትሮው ከፈዘዘ ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ ነርሷ ተራዋ እስኪደርስ አትጠብቁ፤ ወዲያው ጥሯት። ቤት ከሆናችሁም ምግቡን አቁማችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።