ያቺን ሰማያዊ ከመግዛት በፊት

ስታዲየም አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች በአንዱ ወረፋ ይዣለሁ። ከፊቴ ያለው ሰውዬ አርባዎቹን የጀመረ ይመስላል። ተራው ሲደርስ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «ያቺን ሰማያዊዋን» አለ። ፋርማሲስቷ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?» ስትለው «ምንም» አላት። ሒሳብ ሊከፍል ሲል ግን ከደረት ኪሱ የታጠፈች የሐኪም ወረቀት አውጥቶ «ይቺንም አያይዥልኝ» ብሎ ሰጣት። ዘርግታ አነበበችው፤ «ፍሉኦክሰቲን፣ የአንድ ወር።» ቀና ብላ አየችው። እሱ ከላይ የሚያልፈውን ባቡር ያይ ነበር።

ሰውዬው ስንፈተ ወሲቡንና የድባቴ መድኃኒቱን የማይተዋወቁ ጉዳዮች አድርጎ ይዟቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ድባቴ ራሱ፣ ያለ ምንም ክኒን፣ ደስ የሚለውን ነገር ሁሉ ያደበዝዛል፤ ምግቡ አይጥምም፣ ኳሱ አያጓጓም፣ የወሲብ ፍላጎትም አብሮ ይሄዳል። በዚህ ላይ መድኃኒቱ ይጨመራል። ፍሉኦክሰቲንና ሰርትራሊን ሴሮቶኒን የተባለው ኬሚካል በአንጎል ውስጥ በርከት እንዲል ያደርጋሉ። ሐዘኑን የሚያቀለው ይኸው ኬሚካል የወሲብን ስሜትና እርካታ ያቀዘቅዛል። (ቶሎ ለሚረጩ ወንዶች ሐኪሞች እነዚህኑ መድኃኒቶች የሚያዝዙት ለዚህ ነው።) የቆየው አሚትሪፕቲሊንም ከዚህ ችግር ነፃ አይደለም። ደግሞ የወንድ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ ሴቶችም ፍላጎት ይቀንስባቸዋል፣ ብልታቸው ይደርቃል፣ እርካታው ይርቃቸዋል።

ሕመሙ ነው ወይስ መድኃኒቱ? ጊዜውን ወደ ኋላ መቁጠር ይረዳል። ፍላጎቱ የጠፋው ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ከሆነ ድባቴው ይጠረጠራል፤ ሲሻል አብሮ ሊመለስ ይችላል። እንቅልፉ ተስተካክሎ፣ ሥራ መግባት ተችሎ የመኝታው ነገር ብቻ ከከፋ ግን ወደ ክኒኑ ማየት ነው። ስኳር፣ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶችና መጠጥም ስላሉበት ሐኪሙ እነሱንም ይጠይቃል።

ይጠይቃል ስል ግን ሁልጊዜ አይደለም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የስፔን ጥናት ፀረ ድባቴ የሚወስዱ 344 ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። ችግሩን በራሳቸው አንደበት ያነሱት ከ100 ሰው 14 ያህሉ ናቸው፤ ሐኪሞቹ ፊት ለፊት ሲጠይቁ ግን ቁጥሩ 58 ደረሰ። ይህ እንግዲህ ስፔን ነው። እኛ ጋ፣ «ባልና ሚስት የሚያውቁት» ተብሎ በሚታለፍበት አገር፣ ስንቱ ዝም እንደሚል መገመት አይከብድም።

ዝም ያለ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃዱ ይተዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። በድንገት ሲቋረጥ ራስ ያዞራል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ያበሳጫል፤ ከሁሉ በላይ ድባቴው ሊመለስ፣ ከእሱ ጋር ሞትን መመኘትም ሊመጣ ይችላል።

መፍትሔው ብዙ ነው። አንዳንዱ ሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነቱ ይላመዳል። ካልሆነ ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ችግሩ ወደማይበዛበት መድኃኒት፣ ለምሳሌ ወደ ቡፕሮፒዮን ወይም ሚርታዛፒን፣ ቀስ እያደረገ ሊያሻግር ይችላል፤ ቡፕሮፒዮን ግን የሚጥል በሽታ ላለበት አይሆንም። ያቺ ሰማያዊም፣ ማለትም ሲልደናፊል፣ ቦታ አላት፤ ለመቆም ታግዛለች እንጂ ፍላጎትን አትፈጥርም። ለደረት ውጋት ናይትሬት የሚባሉ የልብ መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ቢውጣት ደም ግፊቱ በአደገኛ ሁኔታ ይወርዳል። የፋርማሲስቷ ጥያቄ ወሬ ፍለጋ አልነበረም።

አንድ ርካሽ ነገር ልጨምር። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ የአሜሪካ ጥናት ፀረ ድባቴ የሚወስዱ ሴቶች በሳምንት 3 ጊዜ ለ30 ደቂቃ ስፖርት ሲሠሩ፣ በተለይ ከግንኙነት ትንሽ ቀደም ብለው ሲሆን፣ ለውጥ ማየታቸውን ጽፏል። ማለዳ መስቀል አደባባይ ለሚሮጡት ደስ የሚል ዜና ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ ነው። የሁዳዴ 55 ቀን ለብዙ ባለትዳር ችግሩን ይሸፍናል፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ፋሲካ ሲያልፍ ሚስት «ሌላ ይዟል» ማለት ትጀምራለች፣ ባል ደግሞ ሶፋ ላይ ቴሌቪዥን እያየ ማምሸት። ከዚያ ቀን በፊት «መድኃኒቱ ነው መሰለኝ፣ አንቺ አይደለሽም» ማለት የብዙ ወር ኩርፊያ ያድናል። ለቀጠሮ አብሮ መሄድም ይቻላል፤ በአማኑኤልም ሆነ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የአእምሮ ሐኪሞቹ ይህን ሲሰሙ አይደነግጡም።

ለሐኪሙ የሚነገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «መድኃኒቱን ከጀመርኩ ወዲህ መኝታ ላይ ተቸግሬአለሁ።» አፍ ካልደፈረ ይህችኑ ከጀመሩበት ቀን ጋር በቁራጭ ወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ከካርዱ ጋር መስጠት ነው።