ለሰርጓጅ መርከብ የተዘረጋ ጆሮ

እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ፍራንክ ዋትሊንግተን የተባለ መሐንዲስ በቤርሙዳ ደሴት ሆኖ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የውኃ ውስጥ ድምፅ ይቀዳ ነበር። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነው። አሜሪካ የሶቪየት ኅብረትን ሰርጓጅ መርከቦች በድምፃቸው ለመከታተል፣ ሃይድሮፎን የሚባሉ የውኃ ውስጥ ማይክሮፎኖችን በውቅያኖሶች ውስጥ ትዘረጋ ነበር። በዋትሊንግተን ቴፕ ላይ ግን የሞተር ያልሆነ ነገር ይገባ ጀመር፦ ረጅም ማቃሰት፣ ቀጭን ጩኸት፣ ጥቂት ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና ያው ማቃሰት። ድምፁን የሚያወጣው ሀምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ መሆኑን ሲረዳ ቴፑን ለማንም ሳያሰማ አስቀመጠው። አዳኞች እጅ ከገባ ድምፁን እየተከተሉ ይፈጇቸዋል ብሎ ሰግቶ ነበር።

ስጋቱ ከንቱ አልነበረም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ዓሣ ነባሪዎች ተገድለዋል።

በ1967 የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ሮጀር ፔይንና ባለቤቱ ኬቲ ፔይን ወደ ቤርሙዳ ሲሄዱ ዋትሊንግተን ያስቀመጠውን ቴፕ አስረከባቸው። ሙዚቃ የተማረችው ኬቲ ድምፁን በወረቀት ላይ በምስል አስነድፋ ስትመረምረው ሥርዓት አገኘችበት። አጫጭር ድምፆች ተሰድረው ሐረግ ይሠራሉ፤ ሐረጉ ይደጋገማል፤ ሐረጎቹ በቅደም ተከተል ተያይዘው እስከ ግማሽ ሰዓት ሊዘልቅ የሚችል ዜማ ይሆናሉ። ዜማው ሲያልቅ ዓሣ ነባሪው ከመጀመሪያው ይነሣል፤ እንዲህ እያለ ለሰዓታት ይዘልቃል። የሚያዜሙት ወንዶቹ ብቻ ናቸው። ግኝቱ በ1971 በ«ሳይንስ» መጽሔት ወጣ፤ ዜማው ራሱ ግን ከአንድ ዓመት በፊት በሸክላ ታትሞ ለሕዝብ ደርሶ ነበር። በ1979 «ናሽናል ጂኦግራፊክ» የዚያን ቅጂ ቅንጫቢ በስስ የፕላስቲክ ሸክላ አድርጎ በ10.5 ሚሊዮን የመጽሔቱ ቅጂዎች ውስጥ አሰራጨ። ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን ለንግድ የሚደረገው አደን እንዲቆም የወሰነው በ1982 ነው። አደኑን ያስቆመው ዜማው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን የዚያን ዘመን ዘመቻ ያለ ዜማው ማሰብም ያስቸግራል።

ለመሆኑ እነዚህ እንስሳት ለምን ድምፅን መረጡ? ምክንያቱ ውኃው ነው። የፀሐይ ብርሃን ከ200 ሜትር በታች ይደክማል፤ ከ1,000 ሜትር በታች ጨርሶ የለም። ድምፅ ግን በአየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ሲጓዝ፣ በባሕር ውኃ ውስጥ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከዚያም በላይ፣ በብዙ ውቅያኖሶች ውስጥ በ1,000 ሜትር ጥልቀት አካባቢ ድምፅ ከላይና ከታች ካለው ውኃ ይልቅ በዝግታ የሚጓዝበት ንብርብር አለ። ከላዩ ያለው ውኃ ሞቃት ነው፤ ከታቹ ያለው ደግሞ ግፊቱ ከባድ ነው። ሁለቱም ድምፁን ወደ መካከል ስለሚመልሱት ወደ ጎን እጅግ ሩቅ ይሄዳል። የጦር መሐንዲሶች ይህን ንብርብር ያወቁት በ1940ዎቹ ነው። የሰማያዊ ዓሣ ነባሪና የዘመዱ የፊን ዓሣ ነባሪ ጥሪ በጣም ወፍራም ስለሆነ (የፊኑ 20 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ የሰው ጆሮ የሚሰማው ከዚያ ጀምሮ ነው) በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማል። ይህን የፊን ዓሣ ነባሪ ምት መጀመሪያ ላይ የጠላት መሣሪያ ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ።

የዮናስን ታሪክ በጾመ ነነዌ እየሰማ ያደገ አንባቢ ዓሣ ነባሪን የሚያውቀው በሆዱ ነው። ተመራማሪዎችን ያስቸገረው ግን ጉሮሮው ነበር። ጥርስ የሌላቸው ታላላቆቹ ዓሣ ነባሪዎች ውኃ ውስጥ፣ አየር ሳያስወጡ እንዴት ያዜማሉ? በ2024 በዴንማርክ ተመራማሪዎች የተመራ ቡድን ወደ ባሕር ዳርቻ ወጥተው ከሞቱ ሦስት ዓሣ ነባሪዎች የተወሰደ ማንቁርት መረመረ። ወፍራሙ የማንቁርታቸው ክፍል በስብ ትራስ ላይ ተጭኖ፣ አየር ሲያልፍ ትራሱ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩም ሳይባክን መልሶ ያገለግላል። የዚሁ ጥናት ሌላው ውጤት የሚያሳስብ ነው። በዚህ ዓይነት ጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ከ300 ኸርዝ ብዙም አይዘልም፤ ማውጣት የሚቻለውም እስከ 100 ሜትር ጥልቀት ድረስ ነው። የመርከቦች ጫጫታ የሚበረታውም በዚያው የድምፅ ክልል፣ በዚያው የላይኛው ውኃ ውስጥ ነው።

ዶልፊን ሌላ መንገድ ይከተላል። ከመተንፈሻ ቀዳዳው በታች ባሉ ከንፈር መሳይ ሥጋዎች ቀጭን «ቅጭታ» ይፈጥራል፤ ግንባሩ ላይ ያለው የስብ ክምችት ድምፁን ወደ ፊት ያነጣጥረዋል። ከዓሣ ወይም ከድንጋይ ነጥሮ የሚመለሰውን የገደል ማሚቶ የሚቀበለው በታችኛው መንጋጋው ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኬኔት ኖሪስ ዶልፊን በማሚቶው አካባቢውን እንደሚለይ ያረጋገጠው በ1960 አካባቢ የአንዲት ዶልፊን ዓይኖችን በጎማ ሸፍኖ ነው። ዶልፊኗ መሰናክሎቹን አልፋ፣ የተጣለላትንም ዓሣ አገኘች። የሰው ጆሮ 20,000 ኸርዝ ላይ ሲያበቃ ዶልፊን እስከ 150,000 ድረስ ይሰማል።

ስምም አላቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እያንዳንዱ ዶልፊን በልጅነቱ የራሱን ፉጨት ያወጣል። በ2013 የወጣ የስኮትላንድ ተመራማሪዎች ጥናት እንዳሳየው፣ ዶልፊኖች የራሳቸው ፉጨት ተመስሎ ሲሰማቸው መልስ ይሰጣሉ፤ የማያውቁት ሲፎጭ ግን ዝም ይላሉ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ የተለያዩ ዶልፊኖች አንዱ የሌላውን ፉጨት እንደሚለይ አመለከተ።

ከሁሉ ኃይለኛው ድምፅ የስፐርም ዓሣ ነባሪ ነው። ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ የሚሆነው ጭንቅላቱ ሲሆን፣ አብዛኛው ጭንቅላትም የድምፅ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል። ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ጠልቆ በጨለማው ስኩዊድ የሚያድነው በዚህ ነው። ወደ ላይ ሲመለስና ከዘመዶቹ ጋር ሲሆን ግን ቅጭታውን በምት ይሰድረዋል። በካሪቢያን ባሕር ዶሚኒካ ደሴት አካባቢ የሚኖሩ ቤተሰቦች የራሳቸው መለያ ምት አላቸው፤ ከሌላ ጎሳ ጋር የሚለያዩትም በዚሁ ነው።

የሀምፕባክ ዜማ ደግሞ ይለወጣል፤ አንዳንዴም ከሥሩ። በ1996 በአውስትራሊያ ምሥራቅ ዳርቻ ከተቀዱት 82 ወንዶች መካከል ሁለቱ ፈጽሞ የተለየ ዜማ ሲያዜሙ ተገኙ። ዜማው የምዕራቡ ዳርቻ ነበር። በ1998 የምሥራቁ ሁሉ የድሮውን ትቶ አዲሱን ይዞ ነበር፤ በአንድ ክረምት የከተማው ሚኒባስ ሁሉ አንድ ዘፈን እንደሚከፍተው። ቆየት ብሎ ዜማዎች ከአውስትራሊያ እስከ ፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ድረስ በፓስፊክ ላይ እየተላለፉ እንደሚሄዱ ታወቀ።

ትናንሾቹም ዝም አይሉም። ከጣት የማይበልጥ አንድ የሽሪምፕ ዓይነት መቆንጠጫውን በፍጥነት ሲዘጋ የሚፈጠረው አረፋ ፈንድቶ አካባቢውን ያንጣጣል። ብዙ ሆነው ሲተኩሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሰርጓጅ መርከብ አዳማጮችን አስቸግረዋል። የኮራል ዓሣ ጫጩቶች ቤታቸውን የሚያገኙት ይህንኑ ጫጫታ እየሰሙ ነው። በ2019 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ በአውስትራሊያ በተጎዳ ኮራል ላይ የጤነኛ ኮራል ድምፅ በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅ፣ ድምፅ ካልተለቀቀበት ቦታ እጥፍ ያህል ዓሣ መጣ።

እንዲህ በጆሮ በሚኖር ዓለም ላይ የሰው ልጅ ሞተሩን አስነሣ። መጋቢት 2000 በባሃማስ፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሶናር (ድምፅ ልኮ በማሚቶው ሰርጓጅ መርከብ የሚፈልግ መሣሪያ) በተጠቀመበት ልምምድ ወቅት 17 ዓሣ ነባሪዎችና ዶልፊኖች ወደ ዳርቻ ወጡ፤ የባሕር ኃይሉ ራሱ በተሳተፈበት ምርመራ ሶናሩ ዋነኛው ተጠርጣሪ ሆነ። በ2002 በካናሪ ደሴቶች ተመሳሳይ ነገር ሲደርስ ስፔን በ2004 በአካባቢው ሶናር አገደች። ተመራማሪዎች በ2013 እንደገለጹት፣ ከእገዳው በኋላ በጅምላ ወጥተው የሞቱ አልታዩም።

የመርከቦቹ ጫጫታ ግን በየቀኑ ያለ ነው። ምን ያህል እንደሚጎዳ ያሳየው ማንም ያላቀደው አጋጣሚ ነበር። በአሜሪካ ላይ ከደረሰው የሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 ጥቃት በኋላ በካናዳ ፈንዲ ባሕረ ሰላጤ የመርከብ እንቅስቃሴ ሲቀንስ የውኃው ጫጫታ በ6 ዴሲቤል ወረደ። በዚያን ጊዜ የራይት ዓሣ ነባሪዎችን ፋንድያ ይሰበስቡ የነበሩ ተመራማሪዎች የጭንቀት ሆርሞናቸውም አብሮ መውረዱን አገኙ።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ፍጥነት መቀነስ፣ የመርከቡን ውልብልቢት (ፕሮፔለር) ማሻሻል፣ መንገድ መቀየር። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2014 ለመርከቦች ጫጫታ መቀነሻ መመሪያ አውጥቷል፤ በ2023ም አሻሽሎታል። መመሪያው ግን እስካሁን በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተ ነው። ነዳጅ ያፈሰሰ መርከብ በሕግ በሚጠየቅበት ባሕር ላይ፣ ጫጫታን ለባለንብረቱ መልካም ፈቃድ መተው በቂ አይደለም።