ልጆቻችን የሚቀጥፉትን አበባ እንወቅ

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ ሜዳው፣ የመንገዱ ዳርና የአጥሩ ሥር ሁሉ በአበባ ይሸፈናል። ልጆችም እየቀጠፉ ወደ ቤት ይዘው ይገባሉ። ለመሆኑ ልጅዎ ይዞት የመጣው አበባ ምን እንደሆነ ያውቃሉን?

አበባን ለመለየት የግድ የተክል ሳይንስ መማር አያስፈልግም። ጀማሪ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በቀለም ብቻ ስለሚፈርድ ነው። ስለዚህ ቀለሙን ካዩ በኋላ ቅጠሉን፣ ቀጥሎም ፍሬውን ይመልከቱ።

ለምሳሌ አደይ አበባንና መጭን እንውሰድ። ሁለቱም ቢጫ ናቸው፤ ሁለቱም ክረምት ሲወጣ ይፈካሉ። ይሁን እንጂ አደይ ከሚባሉት ዓይነቶች የብዙዎቹ ቅጠል የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ የመጭ ቅጠል ግን ረዘም ያለ፣ ያልተሰነጠቀና ሲዳስሱት የሚሻክር ነው። መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ በመሆኑ የኑግ ማሳ ያየ ሰው መልኩን አያጣውም።

እነዚህን ሁለቱን ቢያምታቱ የሚያሰጋ ነገር የለም። አስተናግርን አለማወቅ ግን አደገኛ ነው። አጤ ፋሪስም የሚባለው ይህ ተክል በቆሻሻ መጣያ አካባቢና በመንገድ ዳር ይበቅላል። አበባው ብዙውን ጊዜ ነጭ ሲሆን ቅርጹ እንደ ጡሩምባ ነው። ቅጠሉ ሰፊ፣ ዳሩም ጥርሳም ነው፤ ሲያሹት ይሸታል። ፍሬው በእሾህ የተሸፈነ ሲሆን፣ ሲደርቅ በ4 ተከፍሎ ዘሩን ያፈሳል።

የዚህ ተክል መላ አካሉ መርዝ ነው። የበላ ልጅ አፉ ይደርቃል፣ ሰውነቱ ይግላል፣ የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ ይቃዣል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲታይ በቤት ውስጥ መድኃኒት ጊዜ ሳያጠፉ ልጁን ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት። ከተክሉም ቅጠል ወይም ፍሬ ይዘው ይሂዱ፤ ለሐኪሙ ይረዳዋል።

ሥራ ላይ የሚውሉ እናቶች በዕረፍት ቀን ከልጆቻቸው ጋር በሰፈራቸው እየተዘዋወሩ በአንድ ጊዜ 3 አበባ ብቻ ቢለዩ ይበቃል። ጉዳት የሌለውን አበባ ከነቅጠሉ በአሮጌ ጋዜጣ መሐል አድርገው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ሲደርቅም ስሙን፣ የተገኘበትን ቦታና ቀን ይጻፉበት። ስሙ ከጠፋዎት ገጠር ያደጉ ጎረቤቶችን ይጠይቁ። አስተናግርን ግን በበቀለበት ስፍራ ሳለ ለልጆችዎም፣ እርስዎ ሥራ ሲውሉ ለሚጠብቋቸው አያት ወይም ሞግዚትም ያሳዩ።

«አትንካ» ማለት ብቻ ልጅን አያስተምረውም። የሚቀጠፈውንና የማይቀጠፈውን ለይቶ ያየ ልጅ ግን እናቱ በሌለችበትም ይጠነቀቃል።