ጽጌረዳ ልትከል ወይስ ጃካራንዳ?

ክረምት ሲቃረብ ችግኝ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ሰው ይበዛበታል። ግቢ ያለው ሁሉ አንድ ነገር መትከል ያምረዋል። ብዙዎች የሚያመነቱት ደግሞ መስኮቱ ሥር ጽጌረዳ በመደርደርና አጥሩ ጥግ ጃካራንዳ በመትከል መካከል ነው። ሁለቱም ያምራሉ፤ የሚጠይቁት ግን ለየቅል ነው። ጽጌረዳ በየሳምንቱ ውሃና እጅ ትፈልጋለች። ጃካራንዳ የሚፈልገው ቦታና ዓመታት ነው። ገንዘብዎን ከማውጣትዎ በፊት አንድ በአንድ እንያቸው።

መጀመሪያ፣ አየራችን ይስማማቸዋል ወይ? ለጽጌረዳ በጣም ይስማማል። ከሆለታና ከባቱ የሚነሳው ጽጌረዳ አውሮፓ ድረስ የሚሸጠው ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለ በመሆኑ ጭምር ነው። እንዲያውም የራሳችን የዱር ጽጌረዳ አለን፤ ቀጋ። ነጭ አበባዋንና የገጠር ልጆች ለቅመው የሚበሉትን ፍሬዋን ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። እሾኋ ጠንካራ ስለሆነ ለአጥርም ትሆናለች።

ጃካራንዳ የመጣው ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአርጀንቲናና ከቦሊቪያ አካባቢ ነው። በአዲስ አበባ፣ በሐዋሳና በባሕር ዳር መንገዶች ዳር ግን ዛሬ እንደ አገሬው ዛፍ ቆሟል። ለጋ ሳለ ውርጭ ይገድለዋል። ስለዚህ እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ውርጭ በሚበረታበት አገር ከሆኑ ጃካራንዳን አልመክርዎትም።

ምን ያህል ቦታ ይይዛሉ? አንድ የጽጌረዳ ቁጥቋጦ ከ60 ሳንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ስፋት ይበቃዋል። ዋናው ነገር ፀሐይ ነው፤ በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ ካላገኘ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ያርቁት፤ አየር ካልተላለፈው ቅጠሉ ቶሎ ይታመማል።

ጃካራንዳ ሌላ ነገር ነው። ሲያድግ 10፣ አንዳንዴም 15 ሜትር ቁመት ይደርሳል፤ ቅርንጫፉም ወደ ጎን እንደዚያው ይዘረጋል። ሥሩ ወደ ላይ እየመጣ የግቢ ንጣፍ ያነሳል፣ የተሰነጠቀ የውሃ ቧንቧም ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ከቤት፣ ከቧንቧና ከመጸዳጃ ጉድጓድ ቢያንስ 6 ሜትር ይራቅ። በኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ፈጽሞ አይትከሉት። ሜትር ይዘው ግቢዎን ቢለኩ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚያው ላይ ይገኛል። ቤቱ አብዛኛውን ቦታ በያዘበት 150 ካሬ ሜትር ላይ 6 ሜትር ባዶ መሬት ማግኘት ከባድ ነው።

አበባውንስ መቼ አያለሁ? ጽጌረዳን ከችግኝ ጣቢያ ገዝተው ከተከሉ በዚያው ዓመት ያብብልዎታል። ከዚያ በኋላ በከረከሙት ቁጥር ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና ያብባል። ዓመቱን ሙሉ በተራ በተራ እንዲያብብ ማድረግ ይቻላል።

ከዘር የበቀለ ጃካራንዳ ለማበብ 7 ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ካበበ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ግንድ ላይ ተጣብቆ የበቀለ፣ ካገኙ ጊዜው በእጅጉ ያጥራል። አበባው ሲመጣ ግን የጠበቁትን ያህል ነው። በበጋው ማብቂያ ቅጠሉን ያራግፍና ባዶ ቅርንጫፉን ሐምራዊ ያለብሰዋል። እያንዳንዷ አበባ እንደ ትንሽ መለከት ናት፤ በጣት ሲነኳት ለስላሳ፣ ስትወድቅም ሳትጠወልግ በሙሉዋ የምትወርድ። ከአበባው በኋላ እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ የሆነ ጠንካራ ፍሬ ይቀራል። ሲደርቅ ለሁለት ይከፈልና ስስ ክንፍ ያላቸውን ዘሮች ለነፋስ ይሰጣል።

ይህ የዘሩ መብረር በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ፕሪቶሪያ የጃካራንዳ ከተማ ተብላ እስክትጠራ ድረስ ዛፉን ብትወደውም፣ ደቡብ አፍሪካ ከወራሪ ተክሎች መድባ አዲስ ተከላውን ገድባለች። ወራሪ ተክል የሚባለው ማንም ሳይተክለው እየተዛመተ የአገሬውን ተክል ቦታ የሚነጥቅ ነው። ግቢዎ ከወንዝ ዳር ወይም ከጫካ አጠገብ ከሆነ ጃካራንዳውን ይተዉት።

ወደ አተካከሉ እንምጣ። ለሁለቱም ጥሩው ጊዜ ሰኔና ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ መስከረም ላይ ሳይቆም ሥር ይይዛሉ። ችግኝ ሲገዙ ትልቁን አይምረጡ። ጥቁር ፕላስቲኩን ከታች ገልጠው ሥሩን ይዩ። ሥሩ ፕላስቲኩ ውስጥ ክብ ሠርቶ ተጠምጥሞ ከሆነ ይተዉት፤ መሬት ውስጥም እንደዚያው ተጠምጥሞ ይቀርና ዛፉ አድጎ ንፋስ ይጥለዋል።

ጉድጓዱን ለዛፉ 60 በ60 ሳንቲ ሜትር፣ ለጽጌረዳዋ 40 በ40 ይቆፍሩ። ከላይ የወጣውን ጥቁር አፈር ለብቻ ያስቀምጡ፤ ለም የሆነው እሱ ነው። የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ ማለትም ከቅጠልና ከጓሮ ትርፍራፊ የተብላላ ማዳበሪያ፣ ከዚያ አፈር ጋር ቀላቅለው ይመልሱ። ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ፕላስቲኩን ቀድደው ማውጣትዎን አይርሱ፤ ከነፕላስቲኩ ተቀብሮ የሚሞት ችግኝ ብዙ ነው። ከሞሉ በኋላ አፈሩን በእግርዎ ቀስ አድርገው ይርገጡ፣ ዙሪያውን በደረቅ ሣር ይሸፍኑ።

ጽጌረዳን ሳይገዙም ማግኘት ይቻላል። ከጎረቤት ግቢ እርሳስ የሚያክል፣ 20 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቅርንጫፍ ይለምኑ። የታችኛውን ቅጠል አንስተው ሁለት ሦስተኛውን በክረምት አፈር ውስጥ ይቅበሩት። ሁሉም አይጸድቅም፤ ስለዚህ ከሚፈልጉት በላይ ይትከሉ።

አሁን ብዙ ሰው የሚፈራው ነገር፦ ክርከማ። ጽጌረዳ ካልተከረከመች ቅርንጫፏ ይረዝማል፣ አበባዋ ያንሳል። ስለታም የአትክልት መቀስ ይያዙ። ቅርንጫፉን ጠጋ ብለው ሲያዩት እንደ ምስር የምታክል ቀላ ያለች እብጠት ያገኛሉ፤ ጉንቁል ትባላለች፣ አዲሱ ቅርንጫፍ የሚወጣው ከእሷ ነው። ወደ ውጭ ከዞረች ጉንቁል ግማሽ ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው በሰያፍ ይቁረጡ። እንዲህ ሲሆን አዲሱ ቅርንጫፍ ወደ ውጭ ይዘረጋል፣ መካከሉ ለአየርና ለፀሐይ ክፍት ይሆናል። የደረቀውንና የቀጨጨውን ከሥሩ ያንሱ። አበባ በደረቀ ቁጥርም ይቁረጡት፤ ተክሏ ጉልበቷን ፍሬ በማፍራት አትጨርስም።

ተባዩስ? ለጋ ቅጠል ላይ ተጣብቀው የሚመጡት ጥቃቅን አረንጓዴ ነፍሳት ክሽክሽ ናቸው። በሳሙና ውሃ በእጅዎ ቢያጥቧቸው ይለቃሉ። ዱቄት የተነሰነሰበት የሚመስል ቅጠል ካዩ ደግሞ ሻጋታ ነው፤ የታመመውን ቅጠል ለቅመው ከግቢ ያውጡ። ውሃ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ እንጂ ማታ ቅጠሉ ላይ አያፍስሱ። ጃካራንዳ በዚህ በኩል ብዙ አያስቸግርም።

ወጪው ስንት ነው? የችግኙ ዋጋ ከሁሉ ትንሹ ነው። ዋናው ውሃ ነው፣ በተለይ ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር። በበጋ አንዲት ጽጌረዳ በሳምንት ሁለት ጊዜ 10፣ 10 ሊትር ትጠጣለች ብንል፣ አምስት ጽጌረዳ በሳምንት 100 ሊትር ይፈልጋል፤ ባለ 20 ሊትር አምስት ጀሪካን ማለት ነው። ከኅዳር እስከ ግንቦት ባለው 30 ሳምንት 3,000 ሊትር ይሆናል። የበልግ ዝናብ ከጣለ ይቀንሳል። አትክልት ያጠቡበትን ውሃ መጠቀም ይቻላል፤ በረኪና የገባበትን ግን አይድፉባት። ይህ ወጪ በየዓመቱ ይመለሳል።

ጃካራንዳው በሳምንት አንድ ጀሪካን ይበቃዋል፤ በአንድ በጋ 600 ሊትር። ከሁለት በጋ በኋላ ሥሩ ጠልቆ ራሱን ይችላል። የእሱ ወጪ የሚመጣው ዘግይቶ ነው። አበባና ቅጠሉ የጣሪያውን አሸንዳ ይደፍናል። ንጣፍ ላይ የወደቀ አበባ ሲረጥብ ያንሸራትታል፤ አዛውንት ባሉበት ቤት በየቀኑ መጥረግ ግድ ነው። ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ለማስቆረጥም ገመድና ልምድ ላለው ሰው መክፈል ያስፈልጋል።

ተከራይ ከሆኑ ጥያቄው ቀላል ነው። ታቹ በተበሳ ትልቅ ባልዲ ጽጌረዳ ይትከሉ፣ ቤት ሲለቁ ይዘዋት ይሄዳሉ። ባልዲ ቶሎ ስለሚደርቅ ግን ውሃዋን ያዘውትሩ።

ግቢዬ ጠባብ ነው፣ ግን ዛፍ እፈልጋለሁ ካሉ ድግጣን ያስቡ። አገር በቀል ነው፣ ብዙ አይረዝምም፣ ወርቅማ ቢጫ አበባው እንደ ዘለላ ይንጠለጠላል። ቅጠሉና ዘሩ መርዛማነት ስላለው ትንንሽ ልጆች ባሉበት ግቢ አይሁን።

የእኔን ምክር ካሉ፣ ለተራ የከተማ ግቢ ጽጌረዳ ትሻላለች። ለትምህርት ቤት፣ ለሰፊ ቅጥርና ለሰፋ ያለ መንገድ ዳር ግን ጃካራንዳን የሚያህል ጥላና አበባ በአንድነት የሚሰጥ ዛፍ ጥቂት ነው። እሱን ከመረጡ ጉድጓዱን ሳይቆፍሩ ጎረቤትዎን ያነጋግሩ፤ ቅርንጫፉም አበባውም እነሱ ግቢ መድረሱ አይቀርም። የትኛውንም ይምረጡ፣ ከክረምት በኋላ የሚጠጣውን ውሃ ማን እንደሚያመጣ በቤት ውስጥ ዛሬውኑ ይስማሙ። ክረምት የተተከለ ችግኝ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያው በጋ ነው።